«እንደሚታወቀው» ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ ምን ይጎድለዋል?

«እንደሚታወቀው ውሃ ለሰው ልጅ ሕይወት እጅግ አስፈላጊ ነው።» እስቲ ይህን ዓረፍተ ነገር ደግማችሁ አንብቡት። ስህተት አለው? የለውም። ሰዋስውስ? ደህና ነው። ታዲያ ምን ይጎድለዋል? መልሱ የመጀመሪያው ቃል ላይ ነው፦ «እንደሚታወቀው»። ጸሐፊው ገና ከመጀመሩ «የምነግራችሁን ነገር ቀድማችሁ ታውቁታላችሁ» ብሎናል። የምናውቀው ከሆነማ ለምን እናነበዋለን?

እንዲህ የሚጀምር ተማሪ ሰነፍ ነው ማለቴ አይደለም። ብዙዎቻችን የተማርነው እንደዚያ ነው፦ ከሰፊው ሐሳብ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ጠባቡ ውረዱ። ስለ ባትሪ ለመጻፍ ከኃይል፣ ስለ ኃይል ለመጻፍ ከሥልጣኔ፣ ስለ ሥልጣኔ ለመጻፍ ደግሞ ከአዳምና ከሔዋን! ዩኒቨርሲቲ ከገባን በኋላም ልማዱ አይለቀንም። በምህንድስና ትምህርት ካነበብኳቸው የላብራቶሪ ሪፖርቶች ብዙዎቹ «ከጥንት ጊዜ ጀምሮ የሰው ልጅ…» ብለው ይጀምሩና፣ የተለካው ነገር ምን እንደሆነ የሚነግሩን ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው።

የእኔ አቋም ይህ ነው፦ መግቢያ ማለት አንድ የማይገጥም ነገር ለአንባቢ አሳይቶ፣ እሱን ለመፍታት ቃል መግባት ነው። ይህን ለመፈተሽ ሦስት ስመ ጥር የሳይንስ ጽሑፎችን አጀማመር እንገምግም። ስለገነኑ ብቻ አናሞግሳቸውም፤ የጎደላቸውንም እንናገራለን።

ማግኔቱና ሽቦው

እ.ኤ.አ. በ1905 አልበርት አንስታይን የ26 ዓመት ወጣት ነበር፤ ሥራውም በርን ከተማ በሚገኘው የፓተንት ቢሮ ነው። በዚያ ዓመት ልዩ አንጻራዊነት የምንለውን ንድፈ ሐሳብ ያቀረበበትን ጽሑፍ አሳተመ። እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር የያዘ ጽሑፍ በምን የሚጀምር ይመስላችኋል? በጊዜ ምንነት? በዩኒቨርስ ስፋት? አይደለም። በማግኔትና በሽቦ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማግኔቱን በሽቦው አጠገብ ብታንቀሳቅሱት ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈሳል። ማግኔቱን አስቀምጣችሁ ሽቦውን በተመሳሳይ ፍጥነት ብታንቀሳቅሱትም ያው ኤሌክትሪክ ይፈሳል። ውጤቱ አንድ ነው። የዘመኑ ንድፈ ሐሳብ ግን ለሁለቱ ሁለት የተለያየ ማብራሪያ ይሰጥ ነበር፦ ማግኔቱ ሲንቀሳቀስ በዙሪያው የኤሌክትሪክ መስክ ይፈጠራል፤ ሽቦው ሲንቀሳቀስ ግን እንዲህ ያለ መስክ የለም፣ ሌላ ኃይል ነው የሚሠራው። አንድ ክስተት፣ ሁለት ታሪክ። ለምን?

አያችሁ? አንድ አንቀጽ ሳይሞላ አንባቢው ተረብሿል። ጸሐፊው «ይህ ርዕስ ጠቃሚ ነው» ብሎ አልለመነንም፤ የማይገጥመውን ነገር ፊታችን አስቀመጠው፣ በቃ። ከዚያ ወዲያ ሊያደርግ ያሰበውን ይናገራል። ነቀፌታ ካስፈለገ፣ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ፍጥነቱን ይጨምራል፤ የፊዚክስ ሰው ያልሆነ አንባቢ እዚያ ጋ ሊቀር ይችላል። የማግኔቷ አንቀጽ ግን ዲናሞ ከፍቶ ለሚያውቅ ልጅ ሁሉ ክፍት ናት።

መዝገበ ቃላቱን ዝጉት

ሁለተኛው የተለመደ አጀማመር በትርጉም መነሳት ነው፦ «ትምህርት ማለት በመዝገበ ቃላት ሲተረጎም…»። ከዚህ ወጥመድ እንዴት እንደሚወጣ ያሳየን አለን ቱሪንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ማይንድ በተባለ የፍልስፍና መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ ያለ ምንም መንደርደሪያ ጥያቄውን ያስቀምጣል፦ ማሽን ማሰብ ይችላል ወይ?

አሁን «ማሽን ማለት…፣ ማሰብ ማለት…» ብሎ ሊቀጥል ነው ብለን እንጠብቃለን። እሱ ግን ይህን መንገድ ራሱ ያነሳና ይጥለዋል። የቃላቱን ትርጉም ከሕዝቡ አነጋገር ብቻ የምንቀዳ ከሆነ፣ መልሱን የምናገኘው የሕዝብ አስተያየት በመሰብሰብ ነው ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ አያስኬድም ይላል። ስለዚህ ጥያቄውን በጨዋታ ይቀይረዋል፦ ጠያቂው ሌላ ክፍል ሆኖ በጽሑፍ ይጠይቃል፤ የሚመልስለት ሰው ይሁን ማሽን ከመልሱ ብቻ መለየት አለበት።

የምህንድስና ሰው ይህን ሲያነብ ደስ ይለዋል፤ ግልጽ ያልሆነ ጥያቄ ሊሞከር ወደሚችል ጥያቄ ተቀይሯልና። ግን እንጠይቅ፦ ጨዋታውን ማሸነፍና ማሰብ አንድ ናቸው እንዴ? ልውውጡ ትንሽ አልፈጠነም? ብዙ ፈላስፎች ፈጥኗል ይላሉ፤ ክርክሩም እስከ ዛሬ አላለቀም። ልብ በሉ፣ ለመከራከር የቻልነው መግቢያው የቱ ጋ ልንይዘው እንደምንችል ስላሳየን ነው። «እንደሚታወቀው» ከሚል ሰው ጋር ማን ይከራከራል?

ከፊት የቀረበና ከኋላ የተቀመጠ

ሦስተኛው ጄምስ ዋትሰንና ፍራንሲስ ክሪክ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 25 ቀን 1953 ኔቸር መጽሔት ላይ ያወጡት የዲኤንኤ ጽሑፍ ነው። ርዝመቱ ከአንድ ገጽ ብዙም አያልፍም። ገና በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ለዲኤንኤ አንድ ቅርጽ እናቀርባለን ይላሉ፤ በሁለተኛው ደግሞ ቅርጹ ለሥነ ሕይወት ትርጉም ያለው አዲስ ባሕርይ እንዳለው በትሕትና ይጠቁማሉ። ይህ ጥቆማ ቃል ነው። ቃሉንም ወደ መጨረሻው አካባቢ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ይከፍሉታል፦ ቅርጹ የዘር ቁሱ እንዴት ሊባዛ እንደሚችል ይጠቁማል። ቀጥሎ ሊነስ ፖሊንግና ሮበርት ኮሪ ያቀረቡትን የሦስት ሰንሰለት ሞዴል አንስተው ለምን እንደማያሳምናቸው ይዘረዝራሉ። የማይገጥመው ነገር ይኸው ነው።

እንደ አሠራር ሲታይ እንከን አይወጣለትም። እንደ ሐቀኝነት ግን ይወጣለታል። የተቹት ሥራ ከፊት ቀርቧል፤ የተጠቀሙበት የሌሎች ሥራ ግን ከኋላ ነው። የሮዛሊንድ ፍራንክሊንና የሞሪስ ዊልኪንስ ያልታተመ ውጤት እንዳነቃቃቸው የሚገልጹት መጨረሻ ላይ፣ ምስጋናው ውስጥ ነው። መግቢያ ብቻውን የሚያነብ ሰው ይህን ውለታ አያየውም። ስለዚህ መግቢያ ስትጽፉ «ማንን ነው የምቃወመው?» ብቻ ሳይሆን «ያለ ማን ሥራ እዚህ አልደርስም ነበር?» ብላችሁም ጠይቁ።

እሺ፣ የእኛስ ድርሰት?

«እነዚህ ሊቃውንት ናቸው፤ እኛ የምንጽፈው የክፍል ድርሰት ነው» ትሉ ይሆናል። ደህና፣ ወደ አገራችን እንምጣና ስለ ቢልሃርዚያ መከላከል እንጻፍ። የመጀመሪያው አማራጭ፦

«እንደሚታወቀው በሽታ የሰው ልጅ ጠላት ነው። ሀገራችን ኢትዮጵያም በተለያዩ በሽታዎች ስትጠቃ ቆይታለች።»

ሁለተኛው አማራጭ፦

«እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ውስጥ በወንዝ ዳር ቀንድ አውጣዎችን ሲያጠኑ፣ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በርክተው አገኙ። ሴቶቹ የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር። የቢልሃርዚያ ጥገኛ ትል ደግሞ ቀንድ አውጣ ውስጥ ሳያድግ ሰውን አይዝም። ታዲያ የልብስ ማጠቢያ ተክል በሽታውን ሊያስቆም ይችላል?»

ሁለቱም አጫጭር ናቸው። የመጀመሪያው ግን ስለ ወባም፣ ስለ ቲቢም፣ ስለ ምንም ሊሆን ይችላል፤ ከአንዱ ድርሰት ነቅላችሁ ሌላው ላይ ብትተክሉት ማንም አያውቅባችሁም። ሁለተኛው የትም አይሄድም። ቦታ አለው፣ ዓመት አለው፣ የማይገጥም ነገር አለው፣ ጥያቄ አለው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። «ስለዚህ አስደናቂ ነገር ይዘን እንጀምር» ብላችሁ እንዳትደመድሙ። በሳይንስ ጽሑፎች ላይ «የሰው ልጅ የሚጠቀመው የአንጎሉን 10 በመቶ ብቻ መሆኑን ያውቃሉ?» የሚል አጀማመር ሳታዩ አትቀሩም። ይማርካል፤ ግን ውሸት ነው። እውነት ቢሆን እንኳን ከቀጣዩ ጽሑፍ ጋር ካልተያያዘ ማታለያ ነው። የሞቱት ቀንድ አውጣዎች ግን ማማሪያ አይደሉም፤ ራሳቸው ማስረጃው ናቸው።

ከሰፊው መጀመርን የሚደግፉ መምህራን አንድ ጥሩ መከራከሪያ አላቸው፦ አንባቢው መነሻ እውቀት ከሌለው ጥያቄው አይገባውም። እውነታቸውን ነው። ግን መነሻ እውቀቱ ከጥያቄው በኋላም ሊመጣ ይችላል። ቀንድ አውጣው ለምን እንደሞተ ለማወቅ የጓጓ አንባቢ፣ ስለ ጥገኛ ትሉ የሕይወት ዑደት አንድ ገጽ ብትጽፉለት ይታገሣችኋል። ሳይጓጓ ብትሰጡት ግን ያዛጋል።

አሁን የራሳችሁን ድርሰት አውጡና የመጀመሪያውን አንቀጽ በእጃችሁ ሸፍኑት። ከሁለተኛው ጀምራችሁ አንብቡ። ምንም ካልጎደለ፣ የሸፈናችሁት አንቀጽ መግቢያ አልነበረም፤ ያለ ሐዘን ሰርዙት። ብዙ ጊዜ እውነተኛው ጥያቄ ሦስተኛው ወይም አራተኛው አንቀጽ ውስጥ ተደብቆ ታገኙታላችሁ፤ እሱን ወደ ላይ አምጡት። መግቢያን መጨረሻ ላይ መጻፍ የሚመከረውም ለዚህ ነው፤ ጽፋችሁ እስክትጨርሱ ድረስ ምን ቃል መግባት እንደምትችሉ አታውቁም።

እስከ መጨረሻው ፈልጋችሁ ጥያቄ ካጣችሁስ? ያኔ የሚስተካከለው መግቢያው አይደለም። ብዕሩን አስቀምጡና ወደ ወንዙ ዳር፣ ወደ ላብራቶሪው ወይም ወደ መጽሐፉ ተመለሱ። የማይገጥመውን ነገር ገና አላገኛችሁትም።