የማኤካዋ ቤትና የጃፓን ጣራ

ጥንታዊውን የጃፓን ቤት ከዘመናዊው አሠራር ጋራ ማስታረቅ ሲባል፥ ብዙ ጊዜ የሚታየው በሲሚንቶ ግድግዳ ላይ የቀድሞ ጣራ መድፋት ነው። በፓሪስ ከለ ኮርቡዚዬ ዘንድ የሠራው አርክቴክት ኩኒዮ ማኤካዋ ይህን አልተቀበለም። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1931 ለቶኪዮ ንጉሠ ነገሥታዊ ቤተ መዘክር ሕንፃ ውድድር በተደረገ ጊዜ፥ ደንቡ የጃፓን ጠባይ እንዲኖረው ቢያዝም፥ እርሱ ዝርግ ጣራ ያለው ዘመናዊ ንድፍ አቅርቦ ተሸነፈ።

እንግዲህ ይኸው ሰው በ1942 ቶኪዮ ውስጥ ለራሱ በሠራው የእንጨት ቤት ላይ በሁለት ወገን የሚወርደውን ትልቅ ጣራ ስናይ፥ በጦርነቱ ዘመን ለነበረው የብሔርተኝነት መንፈስ እጁን ሰጠ ይሆንን? ማለታችን አይቀርም። እኔስ አይመስለኝም። ውድድሩ የፈለገው ጣራ እንደ ባርኔጣ የሚደፋ ነበር፤ ይህኛው ግን ከቤቱ ውስጥ ጋራ አንድ አካል ነው። የጦርነቱ ሕግ የመኖሪያ ቤት ከ100 ካሬ ሜትር ገደማ እንዳያልፍ ከልክሎ ስለ ነበረ፥ ማኤካዋ የወለሉን ጥበት በቁመት ካሰው፤ ሳሎኑ እስከ ጣራው ድረስ ክፍት ሆኖ፥ በአንድ ወገን እንደ ቆጥ ያለ ፎቅ ተሰቅሎበታል። በደቡብ በኩል ያለው፥ በእንጨት ፍርግርግ የተከፋፈለው ታላቅ መስኮት የጥንቱን የወረቀት መዝጊያ ያስታውሳል፤ ሆኖም ሰው የሚቀመጠው በወለል ምንጣፍ ላይ ሳይሆን በወንበር ነው።

በፊት ለፊቱ መካከል የቆመውን፥ የኢሴን መቅደስ ዓምድ የሚያስታውሰውን ክብ ምሰሶ ግን አልወደድሁትም፤ ሌላው ሁሉ ዝም ባለበት ቤት እርሱ ብቻ ይናገራል።

ቤቱ በ1973 ቢፈርስም እንጨቱ ተጠብቆ ስለ ቆየ፥ ዛሬ በኤዶ ቶኪዮ የሕንፃዎች ቤተ መዘክር ሜዳ ላይ እንደገና ተተክሎ ይታያል።