ሞተሩ ተርፏል፣ ፍሬኑስ? የሐረር ፔጆዎች እድሳት ሲመዘን

ጠዋት ጠዋት ከኤረር ሸለቆ ጫትና አትክልት ተሸክመው የሚመጡ እናቶች በኤረር በር በኩል በግንብ ወደታጠረችው አሮጌዋ ሐረር፣ ወደ ጁገል፣ ይገባሉ። ከበሩ ውጭ ባጃጆች ተሰልፈው ተሳፋሪ ይጠብቃሉ። በመካከላቸው አልፎ አልፎ አንድ ሰማያዊና ነጭ ፔጆ 404 ብቅ ይላል። ባጃጅ ሥራውን ቢወስድበትም ዛሬም ሰውና ዕቃ ጭኖ ዳገት ይወጣል።

መጽሐፍ ሲወጣ ሒስ ይጻፋል። ጁገል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ደግሞ የአንድ ጌይ ጋር (የሐረሪ ባህላዊ ቤት) ግድግዳ በምን ጭቃና በምን እንጨት መታደስ እንዳለበት ሰዎች ይከራከራሉ። ፔጆውን ግን ቱሪስቱ ፎቶ ያነሳዋል፣ እኛም «ጉድ ነው!» ብለን እናልፈዋለን። ለመካኒኩ ይህ ክብር አይመስለኝም። እጁ የሠራው ሥራ ነውና እንደማንኛውም ሥራ ሊመዘን ይገባዋል። መለኪያዬ አንድ ነው፦ የታደሰው መኪና የተፈጠረበትን ሥራ በደህና ይሠራል ወይ?

404 ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ቅርጹን የነደፈው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ሲሆን፣ የቤት መኪናው ምርት በፈረንሳይ በ1975 ቆሟል። በምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድር በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፏል። አቧራና ኮረኮንች የሚችል መኪና መሆኑ ያኔ ተመስክሯል። ለሐረር መካኒኮች ግን ከዋንጫው ይልቅ የጠቀማቸው የሞተሩ አሠራር ነው።

1.6 ሊትር ገደማ የሆነው ሞተር 45 ዲግሪ ጋደም ብሎ ነው የተገጠመው። ፒስተኑ የሚመላለስባቸው ቱቦዎች ከሞተሩ አካል ጋር አብረው የተሠሩ አይደሉም፤ ለየብቻ ወጥተው ይቀየራሉ፣ ውሃውም በቀጥታ ዙሪያቸውን ይዞራል። ስለዚህ ሲሊንደር ሲያልቅ ሞተሩን ሬትፊካ ቤት መውሰድ ግድ አይሆንም። መካኒኩ ቴስታታውን ይፈታል፣ አሮጌውን ቱቦ ይነቅላል፣ መቀመጫውን ከዝገት ይፍቃል፣ አዲሱን ከነጎማው ያስገባል። ከዚያ በኋላ ያለችው ቅጽበት የሥራው ሁሉ ሚዛን ናት። የቱቦው ጫፍ ከሞተሩ ፊት በጥቂቱ፣ በሚሊ ሜትር መቶኛ በሚለካ መጠን፣ ከፍ ማለት አለበት። ልኩ በመለኪያ ይረጋገጣል፤ ልምድ ያለው እጅ ደግሞ ጥፍሩን ጠርዙ ላይ ሲያንሸራትት ጉድለቱ ይሰማዋል። ቱቦው ዝቅ ካለ ጓርኒሲዮኑ አይዝም፣ ውሃ ወደ ዘይት ይገባል፣ ዘይቱም ወተት የተጨመረበት ቡና ይመስላል። ከ50 ዓመት በኋላ ዳገት የሚወጣ 404 ሁሉ ይህን ፈተና ከአንድ ጊዜ በላይ ያለፈ መሆኑን አልጠራጠርም። በዚህ በኩል የሐረር መካኒኮች ሥራ ከፍተኛ ነው፤ ያለ ምንም ማመንታት እመሰክራለሁ።

ዲፈረንሻሉ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይከብዳል። 404 ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚያስተላልፈው በጠመዝማዛ ብረትና በነሐስ ጥርስ ነው። ነሐሱ ሲያልቅ መፍትሔው ብዙውን ጊዜ ከቆመ ሌላ ፔጆ መፍታት ነው። አንዱ በዳነ ቁጥር ሌላው ይበላል። ባለታክሲውን በዚህ መውቀስ አይቻልም፤ የቤተሰቡ እንጀራ በዚያ መኪና ላይ ነው፣ አውሮፓ እንዳለው ሰብሳቢ መኪናውን ጋራዥ አቁሞ ዓመት መጠበቅ አይችልም። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው፦ እድሳቱ የሚኖረው በተቆጠረ ክምችት ላይ ነው።

ቅሬታዬ በሞተሩ ላይ አይደለም፤ በላሜራውና በፍሬኑ ላይ ነው። 404 ለብቻው ሻንሲ የለውም፣ አካሉ ራሱ ነው ሻንሲው። የበሩ ሥርና ወለሉ ሲዝግ መኪናውን የሚሸከመው አጥንት ነው የሚበላው። እዚያ ላይ ስቱኮ ደፍኖ ሰማያዊ ቀለም መቀባት እድሳት ሊባል አይችልም፤ ተሳፋሪውን ማታለል ነው። ዝገቱ ተቆርጦ ወጥቶ በቦታው ጤነኛ ላሜራ መበየድ አለበት። ፍሬኑም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያዎቹ 404ዎች በአራቱም ጎማ የታምቡር ፍሬን ነበራቸው፤ ታምቡር ደግሞ በረጅም ቁልቁለት ሲግል ይከዳል። በደንገጎ ወደ ድሬዳዋ የወረደ ሁሉ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሞተሩን እንዲያ በጥንቃቄ የሚሠራ ከተማ ሸራው ባለቀ ፍሬን መኪና ማሰማራቱን መታገስ የለበትም። ቀለም ከፍሬን በፊት የሚመጣበት እድሳት ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው።

ሌላው ጉድለት ዕውቀቱ በእጅ ብቻ መቅረቱ ነው። ሐረር አሮጌ ማሽን ማኖርን የምታውቅበት ከተማ ናት፤ ጁገል ውስጥ ያለው የልብስ ሰፊዎች ጎዳና ስሙ ራሱ ከስፌት መኪናቸው ድምፅ የመጣ «መኪና ግርግር» ነው። ከተማዋ አሮጌ መጻሕፍትንም እንዲሁ አኑራለች። በራስ ተፈሪ ቤት ያለው የአብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየም የእጅ ጽሑፎችን ሰብስቦ ብቻ አልተቀመጠም፤ ተረስቶ የነበረውን የሐረር መጽሐፍ አደጓጎስ ጥበብ እንደገና ሥራ ላይ አውሏል። ለፔጆው እንዲህ ያለ ተቆርቋሪ አልተገኘም። የትኛው ክፍል በየትኛው እንደተተካ፣ የቱ ብልሃት እንደሠራና የቱ እንዳልሠራ አንድ ደብተር ላይ ቢሰፍር ለወጣቱ መካኒክ ትልቅ ትምህርት ቤት ይሆነው ነበር።

የሐረር ባህልና ቱሪዝም ቢሮም ሆነ የከተማዋ የሙያ ማሠልጠኛዎች መለዋወጫው ሳያልቅ አንድ ፔጆ 404 ገዝተው፣ አንጋፋ መካኒኮችን ከነደመወዛቸው ጠርተው፣ ከወለሉ ጀምሮ በወጣቶች ፊት ያስፈቱት፣ ያስገጥሙትም፤ እያንዳንዷንም ደረጃ በጽሑፍና በፊልም ይያዙ። ባለታክሲዎቻችንም የሚቀጥለውን ገንዘብ ከቀለሙ በፊት ለፍሬኑ ያውሉት።