ዋቱን ተዉት፣ ጆሯችሁን እመኑ

ሮብ ገበያም ሁኑ አዲስ አበባ፣ እስቲ በስልካችሁ የዋልያስ ባንድን «ሙዚቃዊ ስልት» ክፈቱ፤ በ1977 እ.ኤ.አ. በወጣው «ቼ በለው» አልበም ውስጥ ያለውን። ቤዙ ይሰማችኋል አይደል? የታችኛውን ድምፁን ግን ስልኩ አላወጣውም ማለት ይቻላል!

የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። ያቺ ሚጢጢ ስፒከር ወደዚያ መውረድ አትችልም። ክሩ ግን 82ን፣ 123ን፣ 164ንም አብሮ ያሰማል። አንጎላችሁ እነዚህን ይዞ የጎደለውን መሠረት ራሱ ይሞላዋል።

ታዲያ «የኔ አምፕ 500 ዋት ነው» የሚለው ጉራ ብዙም አይገባኝም። ዋቱ እጥፍ ሲሆን የሚጨመረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ለጆሮ እጥፍ እንዲመስል ወደ አሥር እጥፍ ዋት ይጠይቃል። እኔ ብሆን ገንዘቤን ስፒከሩ ላይ አውል ነበር። ድምፁ አንድ ኦክታቭ በወረደ ቁጥር፣ እኩል እንዲጮህ የስፒከሩ ኮን አራት እጥፍ ርቆ መመላለስ አለበት። ትንሽ ስፒከር ላይ ትልቅ ዋት መጫን ስፒከሩን መቅደድ ነው።

«ድምፁ ንጹሕ ካልሆነ አይረባም» የሚሉትም አያሳምኑኝም። በገናን ስሙት እንጂ! በክሩና በድልድዩ መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራዋ፣ ሆን ተብሎ ክሩን ታነዝረዋለች፤ ላይኞቹን ድምፆች ታበዛለች፤ ወፍራሙም ድምፅ ጎልቶ ይሰማል። አምፕ ትንሽ ሲያሻክር የሚያደርገውም ይህንኑ ነው እኮ። ሲበዛ ግን ምቱ ይጨማለቃል፣ በተለይ ችክችካ ላይ።