ሽሮና ሸማ፦ ስለ ሽሮ ሜዳ ገበታ የቀረበ ሂስ

ኪነ ጥበብ ሲባል ወደ ብዙዎቻችን አእምሮ ፈጥኖ የሚመጣው ግጥሙ፣ ተውኔቱ፣ ሥዕሉና ዜማው ነው። የሸማ ጥለት በሕዝቡ አንደበት «ጥበብ» ተብሎ ሲጠራ የኖረ ቢሆንም፣ ሸማኔውን ከጥበበኞች ወገን ለመቍጠር ብዙ ዘመን ወስዶብናል። ወጥ ሠሪዋንና እንጀራ ጋጋሪዋን ግን ዛሬም አልቈጠርናቸውም። ስለዚህም የአንድ ተውኔት ዝግጅት ሲላላ ሂስ ይጻፋል፤ የአንድ ገበታ ጣዕም ሲላላ ግን በልቶ የወጣው ሰው በሆዱ አጕረምርሞ ዝም ይላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ዝምታ መስበር ነው። የሕዝብ ባህል በመድረክ ላይ ብቻ ሳይሆን በየዕለቱ ምሳ ላይም የሚኖርና የሚሞት ነገር መሆኑን የምናምን ከሆነ፣ ሽሮ የሂስ ርእስ የማይሆንበት ምክንያት የለም።

ለሂሳችን የመረጥነው ሠፈር ስሙን ከምግቡ ጋር የሚጋራው ሽሮ ሜዳ ነው። ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ግራና ቀኝ የሀገር ልብስ ሱቆች ተሰልፈዋል። ከሱቆቹ ጀርባ፣ በየጓሮውና በየጠባቡ ክፍል፣ ከጋሞ ደጋ በተለይም ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው መወርወሪያ ሲወረውሩ ይውላሉ። ከላይ ያለው ተራራ፣ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመቈርቈሯ አስቀድሞ የምኒልክ መናገሻ የነበረበት እንጦጦ ነው። ከዚያ ተራራ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው፣ ጀርባቸው ጐብጦ የሚወርዱት እናቶች ለብዙ ዘመን የከተማይቱን ምጣድ ሲያግሉ ኖረዋል። ሸማኔው፣ ነጋዴው፣ ተሸካሚዋ፣ የታክሲ ረዳቱና የትምህርት ቤቱ መምህር በአንድ ጣራ ሥር ይገናኙ የነበረው በሽሮ ቤት ነበር። ሽሮ ቤት የድሃ ምግብ ቤት ብቻ አልነበረም፤ የሠፈሩ ሸንጎም ነበር።

እስቲ በቅድሚያ ይህ ምግብ ምን እንደሆነ እንመርምር። ምግቡን የምናውቅ ይመስለናል እንጂ ሥራውን ቆም ብለን አላሰብነውም። አተሩ ወይም ሽምብራው ይለቀማል፣ ለስለስ ተደርጎ ይታመሳል፣ ይከካል፣ ገለባው ይበጠራል። ምጥን ሽሮ ከሆነ በርበሬው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ኮረሪማው፣ በሶብላውና አዝሙዱ በልክ ገብተውበት፣ ፀሐይ ተሰጥቶ ደርቆ ይፈጫል። «ምጥን» የሚለው ቃል ራሱ መመጠንን፣ ልክ ማወቅን የሚናገር ነው። ከዚያም ቍሌቱ በትዕግሥት ይበስላል፤ ዱቄቱ ሳይጓጕል በእጅ ይበጠበጣል፤ እሳቱ ረገብ ብሎ በሸክላ ድስት ውስጥ ዘይቱ ከላይ ጣል እስኪል ይንተከተካል። የጾም ቀናት የዓመቱን ግማሽ ያህል በሚይዙበት አገር፣ ይህ ምግብ ለሚሊዮኖች የዕለት ጕልበት ነው።

እንጀራውም እንዲሁ የጊዜ ሥራ ነው። የጤፉ ዱቄት በእርሾ ተቦክቶ ሁለትና ሦስት ቀን ይቈያል። ከላይ የጠለለው ውሃ ይቀነሳል፤ ከሊጡ ጥቂቱ ተወስዶ አብሲት ተጥሎ ይመለሳል፤ ሊጡ ኩፍ ሲል ብቻ ምጣድ ላይ ይወጣል። የእንጀራው ዓይን የዚያ ሁሉ ቈይታ ምስክር ነው።

አሁን ወደ ዛሬው ገበታ እንምጣ። አንድ ቤት ለይቶ በስም መውቀስ የዚህ ጽሑፍ ፍላጎት አይደለም፤ ሕመሙ የአንድ ቤት አይደለምና። በአንድ ወቅት ሰው በር ላይ ቆሞ ተራ ይጠብቅባቸው ከነበሩት ቤቶች በብዙዎቹ ዛሬ የሚቀርበው ሽሮ ቀለሙ የቀላ፣ ጣዕሙ ግን ጥሬ ጥሬ የሚል ነው። ቍሌቱ ሳይበስል ውሃ ተጨምሮበታል። የኑጉ ዘይት ቀርቶ ከውጭ የመጣ፣ ሲቀዘቅዝ የሚረጋ ዘይት ከድስቱ ዳር ነጭ ሆኖ ይታያል። እንጀራው ሲቀርብ ዓይናማ ነው፤ ሲቈርሱት ግን ይፈረፈራል። ዓይኑን ያወጣው የሦስት ቀን ቡኮ ሳይሆን በአንድ ሌሊት ሊጥ ላይ የተጨመረ የዳቦ ማስነሻ ዱቄት ነውና። ባለፉት ዓመታት እንጀራ ላይ ሰጋቱራና ጀሶ፣ በርበሬ ላይ ባዕድ አፈር፣ ቅቤ ላይ ሙዝ ሲቀላቀል መያዙን ከመገናኛ ብዙኃን ሰምተናል። ይህ በወንጀል ሕግ የሚዳኝ ነው። እኛ የምንናገረው ግን ከወንጀል በታች ስላለው፣ ማንም ስለማይከሰስበት፣ ዕለት ዕለት ግን የሕዝቡን ምላስ እያደነዘዘ ስላለው መላላት ነው።

መስተንግዶውስ? እንግዳ ሲገባ ቀድሞ የሚቀርብለት የእጅ ውሃ ነበር። አስታጣቢው ጐንበስ ብሎ ውሃ ሲያፈስ የሚናገረው ቃል ባይኖርም «መጥተሃልና ደስ ብሎናል» ማለቱ ነበር። ዛሬ እንግዳው ጥግ ላይ ወዳለው፣ አንዳንዴም ውሃ ወደማይወርድበት ቧንቧ በጣት ይጠቈማል። ሒሳቡ ምግቡን ተከትሎ ይመጣል፤ ጠረጴዛው እንዲለቀቅ ይፈለጋልና። ይሁን እንጂ ፍርዳችን በአስተናጋጇ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ መጠንቀቅ ይገባል። ብዙዎቹ አስተናጋጆች ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ደመወዛቸው አነስተኛ፣ ተስፋቸው በጉርሻ ብር ላይ የተንጠለጠለ ነው። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም መደንገጉ ይታወሳል። ለራስዋ ምሳ ያልተጨነቀላት ሠራተኛ ለእንግዳው ምሳ ትጨነቅ ዘንድ መጠበቅ፣ ያልተለማመደን ተዋናይ በመድረክ ላይ አልቅስ እንደማለት ነው።

የነገሩን ክፋት ይበልጥ የሚያጐላው ደግሞ የጌጡ ብዛት ነው። ጣዕሙ በተቀነሰ መጠን መሶቡ፣ አገልግሉና የግድግዳው ሥዕል በዝቷል። በከተማይቱ ሰፋፊ የባህል ምግብ ቤቶች አስተናጋጁ ጥለት ለብሶ፣ እስክስታው ደምቆ፣ ማሲንቆው እየተገዘገዘ የሚቀርበው እንጀራ ግን አንዳንዴ ከጓሮ ያልተጋገረ፣ ከመንገድ የተገዛ የትናንት እንጀራ ነው። በሥነ ጽሑፍ ሂስ ይዘትና ቅርጽ የምንላቸው ሁለቱ ነገሮች እዚህ ተፋትተዋል። ቤቱ የሚያማምሩ ቃላት ተደርድረውበት ሐሳብ የጐደለውን ግጥም ይመስላል። ባህል ለጐብኚ የሚለበስ ልብስ ሲሆን ከሥሩ ያለው ገላ ይረሳል።

የባለቤቶቹ መልስ ግልጽ ነው፤ መልሳቸውም ከእውነት የራቀ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የጤፍ ዋጋ በአዲስ አበባ ገበያ በጥቂት ወራት ውስጥ እንዴት እንዳሻቀበ ሁላችንም እናስታውሳለን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላም ከውጭ የሚገባው ሸቀጥ ሁሉ አዲስ ዋጋ ይዞ መጣ። ኪራዩ፣ ከሰሉ፣ ሽንኩርቱ ጨምሯል። «ዋጋ ብንጨምር ሸማኔው ይቀርብናል፤ ባንጨምር ቤቱ ይዘጋል» ይላሉ። እውነት ነው። ጥያቄው ግን በሁለቱ መካከል ሦስተኛ መንገድ የለም ወይ የሚል ነው።

አለ እንላለን። የአገራችን ሕዝብ እንጀራን ከጤፍ ብቻ ጋግሮ አያውቅም። የማሽላ፣ የገብስ፣ የበቆሎና የዳጉሳ እንጀራ በየአካባቢው በክብር ሲበላ ኖሯል። ጤፉ ሲወደድ ከማሽላ መቀየጥ ነውር አይደለም፤ የአያቶቻችን ብልሃት ነው። ነውሩ ቅይጡን «ነጭ ጤፍ» ብሎ መጥራት ነው። ድህነትና ሐሰት ጐረቤት ሊሆኑ ይችላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። «ዛሬ እንጀራችን ግማሹ ማሽላ ነው» ብሎ በሩ ላይ የሚጽፍ ቤት ከበላተኛው ጋር ኑሮን ይካፈላል። ዝም ብሎ የሚቀይጥ ቤት ግን ኑሮን በበላተኛው ላይ ይጭናል።

ለዚህ ከውጭው ዓለም አንድ ምሳሌ ብናመጣ ያግዛል። በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩን ሕንዳውያን መምህራን ብዙዎቹ ከደቡብ ሕንድ፣ በተለይም ከኬራላ የመጡ ነበሩ። የአገራቸው ዶሳ ከሩዝና ከጥቁር ምስር መሰል ጥራጥሬ ተፈጭቶ፣ አድሮ ቦክቶ በምጣድ ላይ የሚጋገር የእንጀራ ዘመድ ነው። በዚያው በደቡብ ሕንድ፣ በባንጋሎር ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1924 የተመሠረተ ማቫሊ ቲፊን ሩምስ የሚባል ስመ ጥር ምግብ ቤት አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ሩዝ ሲጠፋ፣ ከሩዝ ይሠራ የነበረውን ኢድሊ ከሰሞሊና እንደ ሠራው ቤቱ የራሱ ፈጠራ አድርጎ ይተርከዋል። ልብ እንበል፦ አዲሱን ምግብ የሩዝ ኢድሊ ነው ብሎ አልሸጠውም፤ ራቫ ኢድሊ፣ ማለትም የሰሞሊና ኢድሊ ብሎ በስሙ ጠራው። ዛሬ ያ የችግር ልጅ በብዙ ቤቶች በኵራት የሚቀርብ ምግብ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1975 በሕንድ የአስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅና የምግብ ቤቶች ዋጋ ዝቅ ብሎ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ፣ በዚያ ዋጋ የቀድሞውን ጥራት መጠበቅ አዳጋች ስለሆነበት፣ ቤቱ ፊቱን ወደ ተዘጋጁ የምግብ ዱቄቶች ንግድ አዞረ። ችግር ፈጠራን ሊወልድ ይችላል፤ የሚወልደው ግን ልጁን በስሙ ለመጥራት ለሚደፍር ነው።

ወደ ሽሮ ሜዳ እንመለስ። በዚህ መንገድ ዳር ነጠላ የምትገዛ ሴት ሸማውን በጣቷ ትዳብሳለች፤ ወደ ብርሃን አንሥታ ድርና ማጉን ታያለች፤ ጥለቱ በእጅ የተጠለፈ ይሁን በመኪና የታተመ ጠርዙን ገልብጣ ትመረምራለች። ሸማኔው የሚላላው ገዢ መመርመር ሲያቆም ነው። በላተኛው ግን ሽሮውን ገልብጦ ሊያይ አይችልም። ከመብላቱ በፊት ሊያምን ግድ ነው። ስለዚህ የወጥ ሠሪዋ አደራ ከሸማኔው አደራ ይከብዳል። ሸማው ቢሳሳ የሚበርደው ትከሻ ነው፤ ሽሮው ቢሳሳ ግን ሸማኔው ራሱ ከሰዓት በኋላ መወርወሪያውን የሚወረውርበት ክንድ ይዝላል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ባለቤቶች የምግባቸውን ይዘት በግልጽ ይናገሩ፤ አቅም ሲያንስ የምግቡን ዓይነት ይቀንሱ እንጂ የምግቡን እውነት አይቀንሱ። ሃያ ዓይነት ዝርዝር ይዞ ሃያውንም ከማበላሸት፣ አንድ ሽሮ አሳምሮ መሥራት ይሻላል። የወጥ ሠሪዎቹ ዕውቀት በሥራ ላይ ያለች እናት ስትደክም አብሮ እንዳይጠፋ፣ የምግብ ዝግጅት ማሠልጠኛ ተቋማት ከሆቴል ምግብ ጐን ለጐን ቡኮውን፣ አብሲቱንና ምጥኑን በቁም ነገር ያስተምሩ፤ አስተማሪዎቹም እነዚያው እናቶች ይሁኑ። እኛ ጸሐፍት ደግሞ ስለ መድረክ የምንጽፈውን ያህል ስለ ማእድም እንጻፍ። መምህራንም ተማሪዎቻቸውን አንድ ቀን ወደ ምጣዱ ዳር ይውሰዷቸው።

በላተኛውም ድርሻ አለው። የላላ ሽሮ ሲቀርብለት በትሕትና «ይህ አልበሰለም» ይበል፤ የበሰለ ሲቀርብለትም «እጅሽ ይባረክ» ማለትን አይርሳ። «እጅሽ ይባረክ» በቋንቋችን ካሉት የምስጋና ቃላት ሁሉ አጭሩና ጥንታዊው የጥበብ ሂስ ነው። ሠሪዋን በእጇ ያውቃታል፣ ሥራዋን ያከብራል፣ ለነገም አደራ ይሰጣታል። ይህን ቃል የሚሰጥም የሚቀበልም ያልጠፋበት ሠፈር ገበታው ይቃናል።