«ደህና ነኝ» የሚለው ሰርቨር

በአማርኛ ተናጋሪ ዘንድ «እንደምን ሰነበትክ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ሕመምተኛው አልጋ ላይ ሆኖም «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደህና ነኝ» ይላል። ጠያቂው ግን በዚህ ቃል ብቻ አይረካም፤ የፊቱን መልክ ያያል፣ ድምፁን ያዳምጣል፣ አስታማሚዋን በዐይኑ ይጠይቃል። የቃሉን ትርጉም የሚረዳው በዙሪያው ካለው ነገር ነው።

ቃሉን ብቻ የሚሰማ፣ ፊት የማያይ ጠያቂ ቢመጣስ? በኮምፒውተር ሙያ ውስጥ የሚጻፍ አንድ አጭር የጽሑፍ ዓይነት ዛሬ የገጠመው ፈተና ይኸው ነው። ብዙ ሰነዶችን በማውጫ አደራጅተው ለፈላጊ በቅጽበት የሚያቀርቡት የፍለጋ ሰርቨሮች ጤንነታቸው የሚጠየቅበት መሣሪያ አላቸው። ቀድሞ መልሱን የሚያነበው የሰርቨሩን ጠባይ የለመደ ባለሙያ ነበር። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ «ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል» የተሰኘውን ደንብ ይፋ ካደረገ ወዲህ ግን፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ወኪሎችም እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን በአንድ ወጥ ሥርዓት እየጠሩ ይጠቀማሉ። በዚህ ደንብ መሣሪያው ስሙን፣ የሚቀበላቸውን ግብአቶችና በተራ ቋንቋ የተጻፈ መግለጫ ይዞ ይቀርባል። ወኪሉ ስለ መሣሪያው የሚያውቀው በአብዛኛው ይህ መግለጫ የነገረውን ያህል ነው። ስለዚህ መግለጫው ራሱን የቻለ ጽሑፍ ነው፤ እንደ ጽሑፍም ሊመዘን ይገባዋል።

ከታወቁት ሰርቨሮች መካከል ቁጥቡ ሜይሊሰርች ነው። ጤንነቱ ሲጠየቅ «አለሁ» የሚል ፍቺ ያለው አንድ ቃል ይመልሳል። ቁጥብነቱ አይነቀፍም፤ ከሚያውቀው በላይ አይናገርምና። ነገር ግን «የሰርቨሩን ጤንነት ይመረምራል» የሚል አንድ መስመር ብቻ ሲጻፍለት ያ ቁጥብነት ይጠፋል። «አለሁ» ማለት በሩ ክፍት ነው ማለት እንጂ ቤቱ ሙሉ ነው ማለት አይደለም። ማውጫው አንድም ሰነድ ባይኖረው መልሱ ያው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው ኤላስቲክሰርች ደግሞ በሦስት ቀለም ይናገራል። ሰነዶቹን ወደ ክፋዮች ይከፍላል፤ ለእያንዳንዱ ዋና ክፋይም መጠባበቂያ ቅጂ ያዘጋጃል። ዋናዎቹም ቅጂዎቹም በሙሉ ቦታቸውን ሲይዙ አረንጓዴ ነው። ዋናዎቹ ኖረው ቅጂ ሲጎድል ቢጫ፣ ቢያንስ አንድ ዋና ክፋይ ሲጠፋ ቀይ ይሆናል። ትርጉሙን ከትራፊክ መብራት የሚወስድ አንባቢ ግን ይሳሳታል። አንድ ኮምፒውተር ብቻ ያለው አነስተኛ ቤተ መጻሕፍት ይታሰብ። ሰርቨሩ ሌላ ካልታዘዘ በቀር ለእያንዳንዱ ክፋይ አንድ ቅጂ ይፈልጋል፤ ቅጂውን ግን ዋናው ባለበት ኮምፒውተር ላይ አያስቀምጥም። ስለዚህ ፍለጋው በደንብ እየሠራ ዕድሜውን ሙሉ ቢጫ ሆኖ ይኖራል። ይህን ያልተናገረ መግለጫ ወኪሉን በየማለዳው ለከንቱ ጩኸት ይዳርገዋል።

የባሰው በቀዩ በኩል ነው። ኤላስቲክሰርች በጠፋ ዋና ክፋይ ምትክ ባዶ ክፋይ የሚያስቀምጥ ትእዛዝ አለው። ሠሪዎቹ አደጋውን ስለሚያውቁ «የመረጃ መጥፋትን እቀበላለሁ» የሚል ግልጽ ፈቃድ ካልታከለበት ትእዛዙ አይፈጸምም። ፈቃዱ ሲሰጥ ግን ቀዩ ይለቃል፤ በክፋዩ የነበሩት ሰነዶችም አብረው ይቀራሉ። «አረንጓዴ እስኪሆን ድረስ ሥራ» የተባለና ይህ ሥልጣን በእጁ ያለ ወኪል፣ የታዘዘውን በታማኝነት ፈጽሞ መደርደሪያውን ባዶ ሊያስቀር ይችላል። እንግዲህ የመግለጫው የመጀመሪያ ግዴታ ቀለሙ ምልክት እንጂ ግብ አለመሆኑን መናገር ነው።

በዚህ ረገድ ኤላስቲክሰርች እ.ኤ.አ. በ2023 ያቀረበው የጤና ዘገባ የተሻለ ጽሑፍ ነው። ከቀለሙ ጋር የታየውን ምልክት፣ የሚያስከትለውን ጉዳት፣ መንስኤውንና መደረግ ያለበትን በዐረፍተ ነገር ይገልጻል። ይበልጥ የሚመሰገነው በሦስቱ ቀለሞች ላይ «አይታወቅም» የሚል አራተኛ መልስ መጨመሩ ነው። ሰርቨር አለማወቁን እንዲናገር መፍቀድ ትልቅ እርምጃ ነው።

ይሁንና ይህም ዘገባ የአማርኛ አንባቢን ችግር አያይም። «ፀሐይ» በ«ፀ»ም በ«ጸ»ም፣ በ«ሐ»ም በ«ሀ»ም ይጻፋል፤ ለሰርቨሩ ግን እነዚህ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ኤላስቲክሰርች ከሠላሳ ለሚበልጡ ቋንቋዎች የቃል መተንተኛ አብሮት ሲመጣ አማርኛ ከእነዚያ መካከል የለም። ሞክሼ ፊደላትን የሚያስማማ ማጣሪያ ካልተጨመረ «ፀሐይ» ብሎ የጠየቀ ሰው «ጸሀይ» ተብሎ የተመዘገበውን መጽሐፍ አያገኝም፤ «ቤት» ያለም «ለቤታችን»ን አያገኝም። አንባቢው ባዶ እጁን ሲመለስ ሰርቨሩ አረንጓዴ ነው። አልዋሸም፤ የተጠየቀው ስለ ክፋዮቹ እንጂ ስለ አንባቢው አልነበረም።

ጉድለቱን መሙላት ይቻላል። መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ፍለጋ፣ ለምሳሌ «ፀሐይ»ን በልዩ ልዩ አጻጻፍ እየጠየቁ ውጤቱን ማመሳከር፣ ከቀለሙ ጎን ሊቆም ይችላል። ይህ ባይሆን እንኳ መግለጫው እንዲህ ይበል፦ «ይህ መሣሪያ ክፋዮቹ በቦታቸው መኖራቸውን ይናገራል። የፍለጋው ውጤት ትክክል መሆኑን አይናገርም። አንድ ኮምፒውተር ብቻ ባለበት ቢጫ የተለመደ ነው። ቀይ ከሆነ ምንም ሳትለውጥ ለኃላፊው አሳውቅ።»

መግለጫ ሲረዝም ወኪሉ በአንድ ጊዜ ሊይዘው ከሚችለው ጽሑፍ ላይ ይሻማል የሚል መከራከሪያ ይነሣል፤ መሠረትም አለው። ከላይ የተጻፈው ግን አራት አጭር ዐረፍተ ነገር ነው። ሰነድ ጸሐፊው ይህን ያህል ቦታ ነፍጎ ወኪሉ የአንድ ቤተ መጻሕፍት መዝገብ ቢያጠፋ፣ ጥፋቱ የሚቆጠረው በወኪሉ ላይ ብቻ አይሆንም።