ዘፈናችን ደክሟልን?

በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ሰዎች ተሰብስበው ስለ ዘፈን ባወጉ ቁጥር ደጋግሞ የሚነሣ አንድ አቤቱታ አለ፤ ይኸውም የዛሬው ዘፈን እንደ ቀድሞው አይደለም፣ ዜማው ሳስቷል፣ ግጥሙ ፍሬ የለውም፣ ዘፋኙም በመሣሪያ ጫጫታ ተሸፍኖ የሚኖር ነው የሚል ነው። ይህን የሚናገሩት ሽማግሎች ብቻ ቢሆኑ ኖሮ የወጣትነት ናፍቆት ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ዳሩ ግን የሃያ ዓመት ተማሪዎችም አያቶቻቸው ይሰሙት የነበረውን ዘፈን እያዳመጡ ይህንኑ ይላሉ። ስለዚህ አቤቱታውን ያለ ምርመራ መጣልም ሆነ ያለ ምርመራ መቀበል ተገቢ ሆኖ አይታየኝም።

ስለ ዜማ በተነሣ ጊዜ እኛ የሰሜን ሰዎች ጥቂት መኩራራት አይቀርልንም። ማሕሌታይ ያሬድ የዕድሜውን መጨረሻ ያሳለፈው በሰሜን ተራሮች እንደ ሆነና በዚያው እንደ ተሰወረ ይተረካል፤ በስሙ አባ ያሬድ የተባለውም ተራራ መካነ ብርሃን ከተማ ባለችበት በጃን አሞራ አገር ቆሞ ይታያል። ከዜማ ሊቃውንቱ ሌላ፣ መሰንቆውን በትከሻው አንግቶ ከሠርግ ወደ ተዝካር፣ ከገበያ ወደ ጠጅ ቤት የሚዞረው አዝማሪም የዚሁ የጎንደር አገር ልጅ ነው፤ በጎንደር ከተማ አጠገብ ያለችው የቡርቧክስ መንደር በአዝማሪዎቿ የታወቀች ናት። እንግዲህ ዘፈን ደከመ ሲባል ነገሩ የሚመለከተን እንደ ሰሚ ብቻ ሳይሆን እንደ ባለ ሙያም ጭምር ነው።

በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት "ቀድሞ" የሚባለው ዘመን መቼ ነው የሚለው ነው። አብዛኛው ሰው ሲጠየቅ የሚጠራው በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የነበረውን ጊዜ ነው፤ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ ሠራዊትና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራዎች ያበቡበትን፣ ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለ፣ ማሕሙድ አሕመድና ዓለማየሁ እሸቴ የተሰሙበትን ዘመን ማለት ነው። በርግጥም ታላቅ ዘመን ነበር። ነገር ግን ይህ ዛሬ "የጥንት የራሳችን" እያልን የምናወድሰው ሙዚቃ ከየት መጣ? ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም በሄዱ ጊዜ ያገኟቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ነጋሪት ለለመደው ጆሮ የነሐስ መለከት ይዘው መጡ፤ ኬቮርክ ናልባንዲያን አስተማራቸው፤ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ደግሞ በኋላ የቴአትሩንና የሌሎችንም ኦርኬስትራዎች ለብዙ ዓመታት አሠለጠነ። ሳክስፎኑም ትራምፔቱም በዚህ መንገድ የገባ እንግዳ ነበር። ዓለማየሁ እሸቴ "የኢትዮጵያው ኤልቪስ" ተብሎ ሲጠራ ያን ስም ሁሉም ሰው እንደ ምስጋና ሰምቶታል ብዬ አላምንም። ያን ጊዜ ክራርና መሰንቆ ብቻ ሲሰሙ ያደጉ አባቶች ሳክስፎን የሰሙት ዛሬ እኛ ኦርጋን በምንሰማበት ጆሮ ሳይሆን አልቀረም።

ሁለተኛም ነገር አለ። የሸክላ ማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ጊዜ ዐምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1969 ደንቡን ጥሶ በራሱ ስም ማሳተም ጀመረ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወደ አሥር በሚሆኑ ዓመታት ውስጥ አምስት መቶ የሚጠጉ ትንንሽ ሸክላዎችና ሠላሳ ያህል ትልልቅ ሸክላዎች እንደ ታተሙ ይገመታል። ከነዚህ ውስጥ ዛሬ በቃላችን የምናውቃቸው ስንቶቹ ናቸው? ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ "ኢትዮፒክስ" በሚል ስም ለዓለም ያሰማቸውም ተመርጠው የወጡ ናቸው። የቀረው ገለባ በዘመን ወንፊት አልፎ ጠፍቷል። የዛሬውን ግን ገለባውንም ፍሬውንም በአንድነት እየሰማን ከትናንቱ ምርጥ ጋር እናወዳድረዋለን። ይህ ሚዛን ትክክለኛ ሚዛን አይደለም።

እስከዚህ ድረስ ለዛሬው ዘፈን ጠበቃ የቆምሁ ይመስላል። ሆኖም የጠፋ ነገር የለም ማለቴ አይደለም።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የተደነገገው የሰዓት እላፊ የሌሊቱን የሙዚቃ ኑሮ ሰበረው። ብዙ ሙዚቀኞች ተሰደዱ፤ ዐምሃ እሸቴም ከተሰደዱት አንዱ ነበር። ሸክላው በካሴት ተተካ። እንደ ዋልያስና እንደ ሮሃ ያሉ ባንዶች በሆቴል ውስጥ ተጠግተው ሙያውን ጠበቁ፤ በኋላ ግን አሥር ሰው ይሠራው የነበረውን ሥራ አንድ ሰው በአንድ ኦርጋን ይሠራው ጀመር። ምክንያቱ የጥበብ ሳይሆን የሒሳብ ነበር፤ ለአሥር ሰው ከመክፈል ለአንድ መክፈል ይቀላል። በዚህም ምክንያት አንድ የሚዳሰስ ጉድለት መጣ። መሰንቆ ጣት በጭራው ላይ እንደ ልብ የሚንሸራተትበት ስለ ሆነ በሁለት ድምፆች መካከል ያለውን ልዩ ልዩ ጣዕም ሁሉ ያወጣል፤ በተለይም አንቺ ሆዬ በተባለው ቅኝት ውስጥ ያለው ቅሬታ የሚመስለው ጣዕም የሚገኘው ከዚያ ነው። ኦርጋን ግን ቁልፎቹ አስቀድመው የተወሰኑ ስለ ሆኑ በመካከላቸው ያለውን ይዘለዋል። በኦርጋን ታጅቦ ያደገ ጆሮ ያን ጣዕም እንደ ስሕተት ሊቆጥረው ይችላል፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ሙዚቃ የሚያስተምሩ ሰዎች ይህን ነገር ከኔ ይልቅ አጥልቀው ሊናገሩበት ይገባል።

ከዜማው ይልቅ ግን እኔ የማዝነው ለቃሉ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በመካነ ብርሃን በአንድ ሠርግ ላይ ተገኝቼ ነበር። በዳሱ በአንድ ወገን ሁለት ትልልቅ ሞንታርቦዎች ተተክለው ነበር፤ በሌላው ወገን በምሰሶው ሥር አንድ አዝማሪ መሰንቆውን ታቅፎ ተቀምጧል። ሙሽሮቹ ከገቡ ጀምሮ ዕድሉ የሞንታርቦው ነበር፤ አዝማሪው ደጋኑን ሲያንቀሳቅስ ይታያል እንጂ አይሰማም። ሊመሽ ሲል መብራት ጠፋ። ዳሱ ዝም አለ። በዚያ ዝምታ ውስጥ የመሰንቆው ድምፅ ቀስ ብሎ ወጣ፤ አንድ ሽማግሌ ከመደቡ ላይ ሆነው "ተቀበል!" አሉና ግጥም ሰጡ፤ አዝማሪውም እየተቀበለ መለሰ። ሌላው ጨመረ። ቆይቶም አዝማሪው ራሱ ወደ ደጋሹ ዞሮ እንዲህ አለ፦

መብራት ያለ ጊዜ አላየኝም ዓይንህ፣
ሲጨልም ነው ለካ መካነ ብርሃንህ።

ዳሱ በእልልታና በሣቅ ተናወጠ። የከተማዋ ስም ሰሙ ነው፤ የብርሃን ስፍራ የተባለው ወርቁ ነው። አንባቢ ይህን እጅግ የላቀ ቅኔ ነው ብሎ እንዲቀበልልኝ አልጠይቅም፤ የቅኔ ቤት መምህር ቢሰማው ምናልባት ያርመው ነበር። ነገር ግን በዚያች ሰዓት፣ በዚያች ከተማ፣ ለዚያ ሰው ካልሆነ በቀር ሊባል የማይችል ቃል ነበር። ካሴትም ሆነ በስልክ የሚዞረው ቅጂ ይህን ሊያደርግ አይችልም።

የአዝማሪ ቃል ቀልድ ብቻ አልነበረም። በ1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ጦርነት የደጃዝማች ጎሹ አዝማሪ ካሣን፣ ማለትም ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉትን፣ በግጥም ተሳድቦ ነበርና ካሣ ድል ባደረጉ ጊዜ ተይዞ ስለዚያው ግጥም ሕይወቱን አጣ። በ1929 ዓ.ም. ደግሞ ግራዚያኒ በአዲስ አበባ ከደረሰበት የግድያ ሙከራ በኋላ ሕዝብን ያነሣሣሉ ብሎ ጠንቋዮችንና ባሕታውያንን ከአዝማሪዎች ጋር እንዲረሸኑ አዘዘ። ጨካኞች የፈሩት ዜማውን አይደለም። መሰንቆ ማንንም አይገድልም፤ የተፈራው ቃሉ ነው።

ታዲያ ዛሬ ከዘፈናችን የሚፈራ፣ ወይም ቢያንስ ቆም ብሎ የሚያሳስብ ቃል ስንት ይገኛል? በተለይ የባህል ዘፈን እየተባለ ስለ አገራችን ስለ ጎንደር የሚዘፈነውን ስሰማ አፍራለሁ። ፋሲል ግንብ፣ ጀግና፣ እስክስታ፣ ቆንጆ፣ ጠጅ፣ ደግሞ ፋሲል ግንብ። ይህ የስም ዝርዝር ነው። ስም መጥራት ግጥም አይደለም፤ አዝማሪ እንኳን ስም ሲጠራ ባለ ስሙን አይቶ፣ ልብሱን ወይም ፈረሱን ወይም ስስቱን አንሥቶ ነበር የሚጠራው። ገንዘብ ያበላሸው ነገር ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ይህን አልቀበልም። አዝማሪ ያለ ሽልማት የዘፈነበት ዘመን የለም፤ ያን ጊዜም ጠገራ ብር በግንባሩ ላይ ይለጠፍለት ነበር። ልዩነቱ ሌላ ነው። "ተቀበል" ማለት ቀድሞ ግጥሜን ያዝልኝ ማለት ነበር፤ ዛሬ በብዙ ስፍራ ብሩን ያዝልኝ ማለት ሆኗል። ሰሚው ግጥም መስጠት ሲያቆም አዝማሪው የሚቀበለው ነገር አጣ፤ ስለዚህም ስድቡንና ውዳሴውን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ለመጣው ሁሉ አንዱን ይደጋግማል።

ፍርዴን ግን ሙሉ ዘመኑን ለማውገዝ አላደርገውም። እጅጋየሁ ሽባባው እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣችው አልበም ላይ ስለ አድዋ የዘፈነችው ዘፈን፣ በጥንቱ ዘመን የትኛውም ኦርኬስትራ ካሰማው ግጥም የሚያንስ ሐሳብ የለበትም። ቴዎድሮስ ካሣሁን በ2009 ዓ.ም. "ማር እስከ ጧፍ" ሲል የሐዲስ ዓለማየሁን ልብ ወለድ ወደ ዘፈን መለሰው፤ ይህ መጽሐፍ የሚያነብ ዘፋኝና መጽሐፍ የሚያውቅ ሰሚ እንዳለ ያስረዳል። በ2012 ዓ.ም. ያረፈው ኤልያስ መልካም ያለ ትልቅ ኦርኬስትራ፣ በዚህ በምንነቅፈው የኤሌክትሪክ መሣሪያ፣ ለዘፋኞች እንደየጠባያቸው የሚስማማ ሙዚቃ ሲያቀናብር ኖሯል። የጎንደር ልጅ አስቴር አወቀም ያደገችበትን ዜማ በባንድም በኦርጋንም ተሸክማ አልፋለች። ስለዚህ መሣሪያው ብቻውን ጥፋተኛ ሊሆን አይችልም።

በሕግ በኩል አንድ ነገር መጠቆም እፈልጋለሁ፤ መቼም ይህን መጽሔት ከሚያነቡት ውስጥ ሕግ የሚያረቅቁም ይኖራሉ። ስለ ቅጂና ተዛማጅ መብቶች የወጣው አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለድርሰት ጥበቃ የሚሰጠው ድርሰቱ ወጥና በአንድ ነገር ላይ የተቀረጸ ሲሆን ነው። በካሴት ወይም በስልክ ላይ ያለው የስም ዝርዝር በዚህ ሕግ ባለቤት አለው፤ በዳስ ውስጥ በዚያች ቅጽበት የተወለደው ግጥም ግን ማንም ካልጻፈው ወይም ካልቀዳው ድርሰት ተብሎ አይቆጠርም። የባህል ቢሮዎች አዝማሪን ለበዓል መድረክ ጠርተው አምስት ደቂቃ ያዘፍኑታል፤ ሰጪና ተቀባይ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲመላለሱ፣ የሰጪውን ስም ጭምር መዝግቦ መቅዳት ግን የተለመደ አይደለም። አንድ ዘፈን ብቻውን ቢቀዳ የጥያቄው ግማሽ ጠፍቶ መልሱ ብቻ እንደ ተጻፈ የፍርድ መዝገብ ነው።

በዚያ ሠርግ ላይ መብራቱ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመለሰ፤ ሞንታርቦውም ካቆመበት ቃል መካከል ጀምሮ ቀጠለ። በማግሥቱ በከተማዋ ስዞር ልጆቹ የሞንታርቦውን ዜማ እያንጎራጎሩ አገኘኋቸው። የአዝማሪውን ግጥም በቃላቸው የያዙ ያገኘሁት ሁለት ሽማግሎችን ብቻ ነበር፤ እነርሱም አንዲት ቃል ላይ አልተስማሙም፤ አንደኛው "አላየኝም ዓይንህ" ነው ሲሉ፣ ሁለተኛው "አልፈለገኝ ዓይንህ" ነው ብለው ተከራከሩ። እኔ የመጀመሪያውን ጽፌዋለሁ፤ አዝማሪው ግን ሳይነጋ ወደ ሌላ ሠርግ ሄዶ ነበርና የሚጠየቅ አልተገኘም።