ላፓሮስኮፒ ግዴታ መሆኑ ሲቀር፦ የአውሮፓው የኢንዶሜትሪዮሲስ መመሪያ ሲገመገም

የአውሮፓ የሰው ሥነ ተዋልዶና የፅንስ ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው የኢንዶሜትሪዮሲስ መመሪያ ለረጅም ዘመን የጸናን ልማድ ሽሯል። ቀደም ሲል የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን የመሰለ ሕብረ ሕዋስ ከማህፀን ውጪ መኖሩን ለማረጋገጥ ላፓሮስኮፒ እንደ መጨረሻ ዳኛ ይቆጠር ነበር። በአዲሱ መመሪያ ግን የሚመከረው በምስል ምርመራ ምንም ላልታየባቸው፣ እንዲሁም በጥርጣሬ የተጀመረው ሕክምና ላልረዳቸው ወይም ለማይስማማቸው ታካሚዎች ነው።

ውሳኔው ተገቢ ነው፤ እንዲያውም ዘግይቷል። በቀዶ ሕክምና ካልታየ በሽታው የለም የሚለው አስተሳሰብ፣ ቀዶ ሕክምናውን ሊያገኙ ያልቻሉ ሴቶችን «የወር አበባ ሕመም ያለ ነው» በሚል መልስ ሲሸኝ ኖሯል።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። መመሪያው ምስል ሲል በተለይ በሠለጠነ ባለሙያ በብልት በኩል የሚሠራ አልትራሳውንድንና ኤምአርአይን ማለቱ ነው። እነዚህ በእንቁላል ማምረቻ ላይ ያለውን የደም ከረጢትና ጠልቆ የገባውን እብጠት ያሳያሉ፤ በሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ ላዩን የተበተነውን ግን ብዙ ጊዜ ያልፉታል። ውጤቱ ደህና መሆኑ በሽታውን ውድቅ እንደማያደርግ መመሪያው ራሱ ይናገራል። በጤና ጣቢያ ደረጃ የምናውቀው አልትራሳውንድ ግን በአብዛኛው ለእርግዝና ክትትል በሆድ ላይ የሚሠራው ነው። በዚህ ታይታ «ደህና ነሽ» የተባለች ታካሚ በመመሪያው መሠረት ተመርምራለች ማለት አይቻልም።

ስለዚህ ሸክሙ የሚወድቀው በታካሚዋ ታሪክ ላይ ነው። መመሪያው ምልክቶቹን ዘርዝሮ ቶሎ ያልፋል፤ እኔ እዚህ ላይ ብዙ ገጽ በወደድሁ ነበር። ሕመሙ ከትምህርት ወይም ከሥራ ያስቀራል? በወር አበባ ጊዜ ሰገራ ስትወጣ ያማታል? በግንኙነት ወቅትስ ወደ ውስጥ ጠልቆ ይሰማታል? የቀዶ ሕክምና ጠባሳዋ በየወሩ ያብጣል? ደም የተቀላቀለበት ሳል ከወር አበባዋ ጋር ይመላለሳል? ነቀርሳ በሚበዛበት አገር ይህ የመጨረሻው ጥያቄ በቀላሉ ይዘነጋል፤ ይህ ሲባል ግን የአክታ ምርመራው ይቅር ማለት አይደለም። የሕመም ማስታወሻ መያዝ ምርመራውን እንደሚያፋጥን ማስረጃ አለመኖሩን መመሪያው በሐቅ ያምናል። ቢሆንም ፊደል ያልቆጠረች እናት እንኳ «በሚካኤል ጀመረኝ፣ በገብርኤል ተወኝ» ብላ ቀኑን ልትነግረን ትችላለች፤ ያንን በካርዷ ላይ ማስፈር ምንም ወጪ የለውም።

ሲኤ-125 የተባለውን የደም ምርመራ መመሪያው አለመደገፉ ለእኛ ይበልጥ ይሠራል፤ በሆድ ዕቃ ነቀርሳም ከፍ ይላልና። በወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ሕመሙ መቀነሱም በሽታውን አያረጋግጥም፤ ተራው የወር አበባ ሕመምም በዚያው ይቀንሳል። ካልቀነሰስ? ኤምአርአይ በሌለበት የሚሠራ ባለሙያ ታካሚዋን ከስንት ወር በኋላና ወደ ማን እንደሚልክ ከዚህ መመሪያ አያገኝም።